አይፒ አድራሻን ከሰብኔት ጋር ስለማነጻጸር ለኔትወርክ አስተዳዳሪዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣

የምናገረው በራዲየስ ሰርቨር (ወደ ኔትወርክ የሚገባን ተጠቃሚ ማንነት በሚያረጋግጠው ሰርቨር) ውቅር ውስጥ ስለምትገኝ አንዲት መስመር ነው፤ «ጥያቄው ከዚህ ሰብኔት ከመጣ ተጠቃሚውን እዚህ ቪላን ውስጥ አስገባ» ስለምትለው። ሰብኔት መነሻቸው አንድ የሆነ አድራሻዎች ክልል ነው፤ ቪላን ደግሞ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ተለይቶ የተከፈለ ንዑስ ኔትወርክ ነው። ይህች መስመር ማን የት እንደሚገባ የምትወስን ሆና ሳለ፣ በብዙ ቦታ የምትጻፈው አድራሻን እንደ ተራ ጽሑፍ በመቁጠር ነው፤ ይህም ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

አይፒ አድራሻን በነጥብ ከፋፍለን የምንጽፈው ለንባብ እንዲመቸን እንጂ፣ በአራተኛው ስሪት (IPv4) ለማሽኑ 32 ቢት (0 ወይም 1 የሆነ አሃዝ) ያለው አንድ ቁጥር ነው። 10.20.16.0/20 ስንል የመጀመሪያዎቹ 20 ቢቶች እንዲመሳሰሉ መጠየቃችን ነው። እያንዳንዱ ክፍል 8 ቢት ስለሆነ፣ ከ20ዎቹ 16ቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ይሸፍናሉ፤ ከሦስተኛው የሚታዩት አራት ቢቶች ናቸው። ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ብንመለከት፣ 16 በቢት 00010000፣ 31 ደግሞ 00011111 ነው፤ የሁለቱም የመጀመሪያ አራት ቢቶች 0001 ስለሆኑ ሁለቱም ውስጥ ናቸው። 32 ግን 00100000 በመሆኑ ውጭ ይቀራል። አሁን ይህንኑ ሰብኔት «በ10.20.1 የሚጀምር» ብሎ በጽሑፍ ለመግለጽ የሞከረ ሰው ምን እንደሚያገኝ እንይ፦ 10.20.20.5 መግባት ሲገባው ይከለከላል፣ 10.20.150.5 ደግሞ መከልከል ሲገባው ይገባል። ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የተከለከለ ተጠቃሚ ስልክ ይደውላል፣ ያላግባብ የገባ ግን አይደውልም። አንዱ አድራሻ በተለያየ መልክ ሊጻፍ በሚችልበት በስድስተኛው ስሪት (IPv6) ደግሞ የጽሑፍ ንጽጽር ጨርሶ አያዛልቅም።

መፍትሔው በእጃችን ነው። የራዲየስ ሰርቨር ሶፍትዌር በሆነው በፍሪራዲየስ ሦስተኛው ስሪት አድራሻው በግራ፣ ሰብኔቱ በቀኝ ሆኖ በመካከላቸው «<» ሲገባ፣ ምልክቱ «በዚህ ሰብኔት ውስጥ ይገኛል ወይ» ብሎ ይጠይቃል። በግራ ያለው ዋጋ ዓይነቱ ጽሑፍ ከሆነ ግን አስቀድሞ ወደ አይፒ አድራሻ ዓይነት መለወጥ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የትኛውን አድራሻ ነው የምናነጻጽረው የሚለው ነው። ፓኬቱ፣ ማለትም ጥያቄውን የያዘው የመረጃ ጥቅል፣ የመጣበት አድራሻ አንድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው የሚገናኝበት መሣሪያ፣ ስዊቹ ወይም አክሰስ ፖይንቱ፣ በፓኬቱ ውስጥ «እኔ ይህ ነኝ» ብሎ የሚጽፈው አድራሻ ሌላ ነው። በመካከል አድራሻ የሚቀይር መሣሪያ (NAT) ወይም ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ካለ ሁለቱ ይለያያሉ። በ2000 የወጣው የራዲየስ መስፈርት፣ ቁጥር 2865፣ የጋራ ምስጢሩ (መሣሪያውና ሰርቨሩ የሚጋሩት የይለፍ ቃል) የሚመረጠው ፓኬቱ በመጣበት አድራሻ እንዲሆን ያዝዛል፤ መሣሪያው ራሱ በሚጽፈው አድራሻ መምረጥን በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሰብኔት በአንድ ምስጢር እንደ ደንበኛ (ለሰርቨሩ ጥያቄ እንደሚልክ ወገን) ስትመዘግቡ፣ በዚያ ክልል ላለ መሣሪያ ሁሉ ያንኑ ምስጢር መስጠታችሁን አትዘንጉ። ሰፊው /16 እና ጠባቡ /24 ከተደራረቡ ፍሪራዲየስ ጠባቡን ይመርጣል፤ ለወሳኝ መሣሪያዎች የተለየ ምስጢር ለመስጠት ይህን ተጠቀሙበት።

ውቅሩን ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት የምትሞክሩት በሰብኔቱ መሃል ባለ አድራሻ ሳይሆን በዳርቻዎቹ ይሁን። ለምሳሌያችን 10.20.15.255 እና 10.20.32.0 ውጭ፣ 10.20.16.0 እና 10.20.31.255 ውስጥ መሆን አለባቸው። ሰርቨሩን በማረሚያ ሁነታ አስነስታችሁ የሙከራ ጥያቄ ስትልኩለት፣ እያንዳንዱ ንጽጽር እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን መስመር በመስመር ያሳያችኋል።

አመሰግናለሁ።