ቡፌው ውስጥ ያለው መታወቂያ

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። ጄኔሬተሩን ከሰማችሁት ያው ቋሚ እንግዳችን ነው፤ ሰላም በሉት።

ዛሬ የጫማውን ታሪክ ክፍል ሁለት ነበር ቃል የገባሁላችሁ። ጫማው ይቆየን። ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል።

እታባ ቤት ነው። መቼም እታባን ታውቋታላችሁ፤ ከሠርግ ላይ ኬኩን በፌስታል ይዛ የወጣችዋ። ቡና እየጠጣን ቤይሩት ያለችው ልጇ በቪዲዮ ደወለች። ማዳሟ ፓስፖርቷን ይዛባታለች። እሁድ እንኳን ከቤት አታስወጣትም። የእታባ እንባ ዱብ ዱብ ይላል። «የሰው ልጅ ወረቀት ደብቆ ማስቀመጥ ምን የሚሉት አረመኔነት ነው? አገራቸው ሕግ የለም?» እኔም አብሬ እየተራገምኩ ነው። ልጅቷ ረከቦቱ ጋ ቁጭ ብላ ቶናውን ታፈላለች። የእታባን ሠራተኛ ማለቴ ነው፤ ስሟን አልጠራም።

ከዚያ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ። «ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ቻርጀር አለ፣ አምጪልኝ» አለችኝ። ከፈትኩት። ቻርጀር አለ፣ የውሃ ደረሰኝ አለ፣ የማኅበር ደብተር አለ። ከሥሩ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ የገጠር ቀበሌ መታወቂያ። ፎቶው የልጅቷ ነው።

ቻርጀሩን ሰጠኋት። ስልኩ ተዘጋ፣ ለቅሶው በረደ፣ ቶናው ተቀዳ። ያኔ እንደ ዋዛ አድርጌ «እታባ፣ የእሷ መታወቂያ መሳቢያሽ ውስጥ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

ቅንጣት አልደነገጠችም እኮ! «እንዳይጠፋባት ነዋ፣ ልጅ አይደለች? ደግሞ ያለ ዋስ ነው የተቀበልኳት። ደላላው ስልኩን ዘግቷል። ብትሄድብኝ የት ብዬ ልፈልጋት?»

«የቤይሩቷ ሴትዮም እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። «እኔን ከዚያች ጋር? እሷ ልጄ ናት! ታይፎይድ የያዛት ጊዜ ማን አሳከማት? የማታ ትምህርት ማን አስገባት?»

እውነቷን ነው። ክሊኒክ አብራት ያደረችው እታባ ናት። ያቺ የቤይሩት ማዳም ይሄን አታደርገውም፣ ወይ ደግሞ… እንጃ፣ ታደርግ ይሆናል። እሷም ለጎረቤቷ «ልጄ ናት» ትል ይሆናል።

ይሄን ስናወራ ልጅቷ ሲኒ እያለቀለቀች፣ ቀና ሳትል፣ «እዚያ ይሻለኛል። እኔ ጋ ይጠፋል» አለች።

በቃ፣ ይቺ ናት።

«እዚያ ይሻለኛል።» ለማን ነው ያለችው? ለእኔ ነው ለእታባ? አንዳንዴ እየሳቀች ያለችው ይመስለኛል። ደግሞ መልሼ ሳስበው ፊቷን አላየሁትም፤ ጀርባዋን ነው ያየሁት። ከልቧ ከሆነ እኔ ምን አገባኝ? ከልቧ ካልሆነ ደግሞ፣ ቀጣሪዋ ፊት ሌላ ምን እንድትል ነበር የጠበቅኩት? እታባ ወዲያው «ሰማሽ?» አለችኝ። ፈንዲሻውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ሄደ።

ማታ አዋጁን ከፈትኩ። አዎ፣ ሳቁ፤ ሰው ሲበሽቅ ፊልም ያያል፣ እኔ ነጋሪት ጋዜጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48። በየሳምንቱ 24 ሰዓት የማይቆራረጥ ዕረፍት። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ። ደስ ይላል። ግን ገና አንቀጽ 3 ላይ በሩ ይዘጋል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ልጅቷ ማለት ነው። ለእነሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ተብሏል። ይሄው ነገር በ1996ቱ አዋጅ 377 ላይም ነበር። 15 ዓመት አልፎ አዲሱ አዋጅ ሲመጣ ደንቡ አልወጣም፤ ተስፋው ግን እንደገና ተጻፈ።

ከዚያ የሊባኖስን አየሁ። እንደ ፈረንጆቹ የ1946 የሥራ ሕጋቸው፣ አንቀጽ 7። የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። የእነሱ 7፣ የእኛ 3። በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ቤይሩት ቆንስላችን በር ላይ ሻንጣቸውን ይዘው የተጣሉትን እህቶቻችንን አስታውሱ። ያኔ ፌስቡክ ላይ ያልጻፍኩት ነገር አልነበረም። በ2003 ጄኔቫ ላይ የወጣውን የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ 189ኙን፣ ሊባኖስ አላጸደቀችውም። እኛም አላጸደቅነውም።

አንድ ጠበቃ ጓደኛዬ «ቤት ፋብሪካ አይደለም፤ የሥራ ተቆጣጣሪ መኝታ ቤትሽ ይግባ?» አለኝ። ደግሞ ጭራሽ ሕግ የለም እንዳልል የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። አሠሪው አብራው ለምትኖር ሠራተኛ በማደሪያዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ተገቢውን ያድርግ ይላል። ተገቢው ስንት ሰዓት ነው? እታባ ኪዳን ልትደርስ ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች፤ ልጅቷም አብራ ትነሳለች። እታባ ከኪዳን መልስ ትተኛለች።

ይሄን ሳስብ ያ አፓርታማ ትዝ አለኝ፤ ለወንድሜ ቤት ፍለጋ የሄድንበት። የሽያጭ ልጁ ዋናው መኝታ ቤት ሲደርስ የአልጋውን ቦታ በእርምጃ ለክቶ አሳየን። የሠራተኛ ክፍል ሲደርስ በሩን ከፍቶ ዘጋው። መስኮት የለውም። ከእኛ ጋር ስትጎበኝ የነበረች ሴትዮ «ጤፍም እዚሁ ነው የሚቀመጠው?» አለች። «አዎ፣ ይበቃል» አላት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። «አየር የለውም እኮ፣ ይሻግታል።» ጤፉን ነው!

ይቅርታ፣ ሳቄ መጣ። አያስቅም።

እና ምን ይደረግ? ውል ይጻፍ ብል፣ ግማሹ ሰው «ጣጣ ነው» ብሎ ተመላላሽ ይቀጥራል። ከገጠር የመጣችው ልጅ ደግሞ ማደሪያ ስለሌላት ነው አዳሪ የሆነችው። ስለዚህ ዝም ይባል? እሱንም አላልኩም። ፋብሪካ ውስጥ ለምትሠራው እኩያዋ የሚገባት ነገር ለእሷ የማይገባበት ምክንያት አልታይ ብሎኛል። የእታባን ደግነት በየትኛው ዓምድ እንደምጽፈውም አላወቅኩም። ደግነቷ ውሸት አይደለማ።

ደመወዟም እታባ ጋ ነው የሚቀመጠው። «ለበዓል አገሯ ስትሄድ ጠቅልዬ እሰጣታለሁ» ትላለች፤ ትሰጣታለችም። ባንክ ደብተር ላስከፍትላት ብዬ አሰብኩ። ለዚያ ደግሞ መታወቂያ ያስፈልጋል። ብጠይቃት እታባ አትከለክለኝም፤ ለእኔማ አውጥታ ትሰጠኛለች። ለእኔ። ልጅቷ ራሷ ብትጠይቃትስ? እሱን ነው… ወይስ ጠይቃት ታውቅ ይሆን? እንጃ ወገን፣ እኔ እንግዲህ…