«መድኃኒቱን ለማወቅ ነው»

ጤና ይስጥልኝ። ከጀርባዬ የውሃ ድምፅ ከሰማችሁ ጣና ዳር ተቀምጬ ነው የምቀዳው። ወንድም ጋሼ ሲነጋ ከታንኳ የሚወርድባት ቦታ ናት።

ወንድም ጋሼ አሳ አስጋሪ ነው። ሌሊት ሐይቁ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አረቄ የጀመረው ለዚያ ነበር። እያደር ግን ብርድ በሌለበትም፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ሆነ።

አምና እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኛ። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። አንዲት ነርስ ካርድ ይዛ መጣች። ክፍሉ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው፣ «ሱስ አለብህ?» አለችው። አንቱ የሚባል የልጆች አባት ነው እኮ! እናቴ የዘጌ ቡናዋ ሲዘገይባት «ሱሴ ተነሣ» ትላለች፤ ማንም አይታዘባትም። ያን ቀን ግን ቃሉ ስድብ ሆነ። «ለበዓል ብቻ ነው የምቀምስ» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሰውነቱ ይታወካል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ቅዠትና መዘባረቅ ያለበት ከባዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ48 ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ታየው። «አበደ» ተባለ። እጁን በፋሻ ከአልጋው ጋር አሰሩት። አለቀሰ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተረኛዋ ሲስተር ገባች። ስንት በሽተኛ እየጠበቃት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ግንባሩን ዳሰሰች። «አይዞዎት ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ» አለችው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣች።

«እህቴ፣ ጋሼ ይጠጣሉ? ልፈርድባቸው አይደለም፣ መድኃኒቱን ለማወቅ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሙን ጠራች። ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ተሰጠው፤ ቫይታሚን ቢ 1 ደግሞ ከግሉኮሱ በፊት። ሲረጋጋ ፋሻውን ራሷ ፈታችለት።

ከዚያ ሌሊት ብዙውን አያስታውስም። «ጋሼ» መባሉን ግን አልረሳም።

ጨርሶ ትቷል ብል ውሸት ነው። ዘንድሮ አንዴ አገርሽቶበት ነበር። ያን ጊዜ እኔን እንኳ ሳይነግረኝ ያቺን ሲስተር ፈልጎ ሄደ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ተራ ጠበቀ። ገና ሳትጠይቀው «ጠጥቻለሁ» አላት።