17 ዛፍ፤ የትኛው ዛፍ?

የተከበራችሁ የደን ባለሙያዎች፣ የጉምሩክና የስታቲስቲክስ ባልደረቦች፣ ጋዜጠኞችና ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

የሥልጠናው አዘጋጆች ስለ እንጨት ቆረጣና ስለ ወረቀት ምርት መረጃ አሰባሰብ በአጠቃላይ እንድናገር ጠይቀውኛል። እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ላንሳ፦ «ለአንድ ቶን ወረቀት 17 ዛፍ ይቆረጣል።» በየፖስተሩ አለ፣ በየሪፖርቱ መግቢያ አለ። የትኛው ዛፍ ነው?

እስቲ እናስላው። በደረት ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 12 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ ውሰዱ። ግንድ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ የሲሊንደሩን ግማሽ እንያዝለት፤ 0.19 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣዋል። በኬሚካል የሚዘጋጅ ፐልፕ፣ ማለትም ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ክር፣ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት የሚያስቀረው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው፣ በተለይ ክሮቹን አጣብቆ የሚይዘው ሊግኒን፣ ከማብሰያው ፈሳሽ ጋር ወጥቶ በፋብሪካው ቦይለር ይነዳል። እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ ለአንድ ቶን ፐልፕ 4.5 ሜትር ኩብ ያህል ይፈጃል፤ 24 ዛፍ ማለት ነው። ውፍረቱን 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱን 20 ሜትር አድርጉት፤ 7 ዛፍ እንኳ አይሞላም። ፐልፑ በኬሚካል ሳይሆን በመፍጨት ከተዘጋጀ ከእንጨቱ ከ90 በመቶ በላይ ይተርፋል። ያኔ 2.5 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ በመጀመሪያው ዛፍ 13 ነው። ካርቶኑ ካገለገለ ወረቀት ብቻ ከተሠራስ? አዲስ የሚቆረጥ ዛፍ የለም። አራት ስሌት፣ አራት መልስ፤ 17 በአንዱም የለም!

ደግሞ የፐልፕ ቶን የወረቀት ቶን አይደለም። የጽሕፈት ወረቀት ውስጥ ካኦሊን የሚባል ነጭ ሸክላና ካልሲየም ካርቦኔት አለ፤ ከክብደቱ አምስተኛውን ሊይዝ ይችላል። ለገበያ የሚቀርበው ፐልፕም ሲመዘን 10 በመቶ እርጥበት ታስቦለት ነው። ይህን ሳይለዩ ማባዛት ቁናና ኩንታል ቀላቅሎ እንደ መደመር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ «ከሚቆረጠው እንጨት ይህን ያህል በመቶው ለወረቀት» የሚለው ነው። ከየትኛው እንጨት? በዓለም በዓመት 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ይቆረጣል፤ ግማሽ ገደማው ማገዶ ነው። ድርሻው ከጠቅላላው ሲሰላና ማገዶ ካልሆነው የኢንዱስትሪ እንጨት ብቻ ሲሰላ እጥፍ ያህል ይለያያል። በአገራችን የማገዶው መጠን በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ግምት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። የወንጂው ወረቀት ፋብሪካ እንኳ የቆየው ከውጭ በሚመጣ ፐልፕ ነው። እኛ ዘንድ ዛፉን የሚበላው ምጣድና ከሰል ሆኖ ሳለ የተማሪን ደብተር በደን ጭፍጨፋ መክሰስ ምን የሚሉት ጥናት ነው?

ይህም የማገዶ ቁጥር ግምት እንጂ ተለክቶ የተገኘ አይደለም። በድርጅቱ ሠንጠረዥ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ያለችውን ፊደል አንብቡ፤ አገሩ ያሳወቀው ይሁን የተገመተ እሷ ትነግራችኋለች። ለዓመታት ሳይነቃነቅ የቆየ ቁጥር ካያችሁ መጠይቁን የሞላ ሰው ስለሌለ ያለፈው ዓመት ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። የግንዱ መጠን ያለ ቅርፊቱ መሆኑንም አትርሱ። የጣውላ መሰንጠቂያ ስንጣሪ ወደ ፐልፕ ፋብሪካ ሲሄድ ግንዱ አስቀድሞ ተቆጥሯልና ድጋሚ አትደምሩት።

የጉምሩክ ባልደረቦች፣ ይህ ለእናንተ ነው። በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ እንጨት በምዕራፍ 44፣ ፐልፕና ያገለገለ ወረቀት በ47፣ ወረቀትና ካርቶን በ48 ይመዘገባሉ። ውጭ ታትሞ የሚገባ የመማሪያ መጽሐፍ ግን 49 ውስጥ ነው፤ 48ን ብቻ የደመረ ሰው ያን ሁሉ ወረቀት አያየውም። የዕቃ ማሸጊያ ሆኖ የሚገባው ካርቶን ደግሞ በየትኛውም አይታይም።

ስለ ዓመቱ በአጭሩ፦ የ2015 በጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 ቀን 2014 ይጀምራል፤ በፈረንጆቹ የ2022ንና የ2023ን ግማሽ ግማሽ ይዟል። ወር በወር ካልተበተነ ከዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ጎን አታስቀምጡት።

ከሻይ በኋላ በየጠረጴዛችሁ የገቢ ዕቃ መዝገብ ታገኛላችሁ። ከ49 ጀምሩ።