ማንም ያልተቀመጠበት በርጩማ

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ካሜራ ይዛችሁ የመጣችሁ የጅማ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ታሪካዊ ፊልም ተናገር ስትሉኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ አንድ በርጩማ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የቤተ መንግሥት ትዕይንት ዕቃ አቅራቢው እኔ ነበርኩ። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግሩ የሚቆመውን። ከገበያ አዲሱን፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቀውን መርጬ አመጣሁ። ቀረጻ ሊያዩ የመጡ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ዳሰሱት። «ልጄ፣ እዚህ ላይ እኮ ማንም ተቀምጦ አያውቅም» አሉኝ። ክው አልኩ። ቅርጹ ልክ ነው፤ እንጨቱም ልክ ነው። የጎደለው ሰው ነበር።

ልብስም እንደዚያው ነው። ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ጋቢው ጸዓዳ ነው፤ የሱቁ እጥፋት ሳይቀር ይታያል። ተመልካቹ ምን እንዳስከፋው ላያውቅ ይችላል፤ ግን አያምንም። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልብሱን በቡና ውኃ ነክራችሁ አደብዝዙት፤ ቡና መቼም እዚህ አይጠፋም። ክርኑንና ጉልበቱን በድንጋይ አሹት። ከሁሉ በላይ ግን ቀረጻው ሳይደርስ ለተዋናዩ ስጡት። ይልበሰው፣ ይሥራበት፣ ይተኛበት። ያኔ ልብሱ የእሱ ይሆናል።

ብርሃንን ደግሞ አስቡ። የፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ለወጣው «ባሪ ሊንደን» በሻማ የበሩ ክፍሎችን ለመቅረጽ የተጠቀመው ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ በተሠራ፣ በትንሽ ብርሃን በሚያይ የዛይስ ሌንስ ነው። ያን ሌንስ እኛ አናገኘውም። ግን ዛሬ በእጃችሁ ያለው ዲጂታል ካሜራ ከያኔው ፊልም የተሻለ በጨለማ ያያል። እባካችሁ፣ የጎጆ ምሽትን በነጭ ፓውዛ አታጥለቅልቁት። የምድጃው እሳት ፊት ላይ ይጫወት፤ ጥጉ ይጨልም።

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነገሡ። የዚያን ጊዜዋን መናገሻቸውን ጅሬንን ልትቀርጹ ከሆነ ከተዋናዩ ጀርባ ያለውን ተራራ እዩ። ባሕር ዛፍ ካለ ካሜራውን አዙሩት። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ግድም ነው። ገበያ ላይ ብር የሚቆጠር ከሆነም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይሁን። እሷ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ነው፤ ስለዚህ በቁጥሩ አትደናገጡ።

አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ቋንቋ። በአባ ጅፋር ግቢ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነበር። ንጉሡን በዛሬው የአዲስ አበባ አማርኛ ካናገራችኋቸው ቤተ መንግሥቱም ልብሱም አያድናችሁም። በቋንቋቸው ይናገሩ፤ እኛ ከሥር የተጻፈውን እናነባለን።

ነገ ጠዋት ጅሬን ላይ እንገናኛለን። ከመምጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያረጀ በርጩማ ካለ አያቶቻችሁን አስፈቅዳችሁ ተዋሱ። ማን ይቀመጥበት እንደነበርም ጠይቋቸው። አደራ ታዲያ፣ አትጠቡት፤ ቫርኒሽም አትቀቡት።

አመሰግናለሁ።