ሦስቱ ቀኖች

የተከበራችሁ ሸሆችና ካህናት፣ የቅሬ (የዕድር) ዳኞች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ከየሬዲዮ ጣቢያው የመጣችሁ ጋዜጠኞች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የተጠራነው በወረርሽኝ ጊዜ ሕዝቡ ዜና የማያምነው ለምንድን ነው ብለን እንድንመካከር ነው። ለዚህ ጥያቄ ደሴ ላይ መልስ አይጠፋም። በ1965 ወሎ ሲራብ የአገሩ ሬዲዮና ጋዜጣ በአብዛኛው ዝም ብሎ ነበር። ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰው ወድቆ ሾፌሩ ያያል፣ ተሳፋሪው ያያል፤ ማታ ሬዲዮ ሲከፈት ግን ወሬው የለም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ ሰቅለው አሳዩ። ያም ሆኖ ዓለም ነገሩን ያወቀው ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። ያው ፊልም ለአገሩ ሕዝብ የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነበር። የወሎ ሰው ሬሳ ዜና የሆነው ለዙፋን ጉዳይ ሲፈለግ ነው! በ1977ቱ ረሃብም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችውን ኮረምን ለዓለም ያሳያት ቢቢሲ ነው። በነዚያ ዓመታት ያለቀው ሕዝብ ደግሞ በረሃብ ብቻ አላለቀም፤ በየመጠለያው ተቅማጡና ኩፍኙ አብሮ ጨረሰው። እንግዲህ ወሎዬ «ሬዲዮው የደበቀን ነገር አለ» ብሎ ሲጠረጥር አላዋቂ አትበሉት። ከአያቶቹ የሰማው ነው።

አሁን ወደ ኮሌራ ልምጣ፤ የመጣሁበት ጉዳይም እሱ ነው።

አንድ ሰው የሩዝ እጣቢ የመሰለ ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ ሲገባ የሚሆነውን ባለሙያዎቹ ታውቁታላችሁ። የጤና መመሪያው ጥርጣሬው ከአንዱ የጤና እርከን ወደሚቀጥለው በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ያዛል። ፈጣኑ መመርመሪያ በ20 ደቂቃ ገደማ ምልክት ይሰጣል፤ ጥርጣሬን ያጠናክራል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ማረጋገጫው ላብራቶሪ ነው፤ ናሙናው ተጓጉዞ፣ ተዘርቶ፣ ባክቴሪያው በቅሎ እስኪለይ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። ለአለቃ 30 ደቂቃ፤ ለሕዝቡስ? ለሕዝቡ ውጤት እስኪመጣ፣ ከዚያም የበላይ አካል እስኪፈቅድ ዝም ይባላል።

በነዚህ ሦስት ቀኖች ግን በሽታው ዝም አይልም። ኮሌራ የጠናበት ሰው ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የወጣው ፈሳሽ በጊዜ ከተተካለት ደግሞ ከ100 ታማሚ የሚሞተው ከ1 በታች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቤተሰቡ ቶሎ መስማት ነው። «ሕዝብ እንዳይሸበር ነው» ይሉናል። ሕዝቡ ድንኳኑ ሲተከል አይቷል፣ ክሎሪኑ በር ላይ ሲረጭ አይቷል፣ ቀብር ወጥቷል። የሚሸበረው ይህን ሁሉ አይቶ የሚነግረው ሲያጣ ነው! በ2008ም «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እየተባለ በሽታው በስሙ ሳይጠራ ሲቀር ሰዉ እርስ በርሱ ኮሌራ ነው ይባባል ነበር፤ ያተረፍነው መግለጫው እንዳይታመን ማድረግ ብቻ ነው።

ጋዜጠኞች፣ በመጀመሪያው ቀን ምን እንበል ካላችሁ እንዲህ በሉ፦ «ዛሬ በዚህ ቀበሌ በከባድ ተቅማጥ የታመሙ 4 ሰዎች ጤና ጣቢያ ገብተዋል። ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል ናሙና ተልኳል፤ ገና አልተረጋገጠም። ውጤቱን ሐሙስ በምሽቱ 2 ሰዓት ዜና እንነግራችኋለን። እስከዚያ የምትጠጡትን ውሃ አፍሉ ወይም በውሃ ማከሚያ አክሙ፤ የታመመ ካለ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ አምጡ።» ሐሙስ ሲደርስ ውጤቱ ባይመጣ እንኳ በዚያው 2 ሰዓት «አልመጣም፣ የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው» በሉ። ቀጠሮ ሰጥቶ የሚቀር ሬዲዮ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ይዞ ቢመጣም ሰሚ የለውም።

ቁጥር ላይም እንጠንቀቅ። የተጠረጠረውን፣ የተረጋገጠውንና የዕለቱን ከጠቅላላው ጋር ደባልቆ ማንበብ ተለምዷል። ዛሬ «60 ታመሙ»፣ ነገ «12 ተረጋገጠ» ሲባል አድማጩ 48ቱን ማን ደበቃቸው ይላል። ወረርሽኙ አንዴ ከተረጋገጠ በኋላ እያንዳንዱ በሽተኛ ላብራቶሪ አይላክም፤ ስለዚህ የተረጋገጠው ቁጥር ሁልጊዜ ያንሳል። ይህን በየዜናው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ማስረዳት ማንንም አይጎዳም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የኦ አር ኤስ፣ ማለትም የወጣውን ፈሳሽ ለመተካት በውሃ በጥብጠን የምንሰጠው ዱቄት ነገር ነው። የጠዋቱ አቅራቢ አንድ መጠን፣ የማታው ሌላ መጠን ይናገራል። አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ባለ 2 ሊትሩ ሃይላንድ ሁለት ከረጢት ይፈልጋል፤ አንድ ብቻ ከገባበት ይቀጥናል። ከረጢት ከጠፋ ለአንድ ሊትር 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ተስተካክሎ። ሁለቱን ያቀያየረ አቅራቢ ሕፃን ይገድላል! ጨው የበዛበት ውሃ ጥሙን ያባብሰዋል፣ አንጎሉን ይጎዳዋል። ይህ ጽሑፍ በየስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንም ከቃሉ አይውጣ። ሲሳሳት ደግሞ እርማቱ ስህተቱ በተነገረበት ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ ይነገር።

ግሸን ማርያም መስከረም 21 ነው። በሽታው ከተያዙ ከሰዓታት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚታይ ጤነኛ ሆኖ የሄደ ምዕመን ቤቱ ገብቶ ሊታመም ይችላል። በ2015 ክረምት በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ተነስቶ እንደነበር ታውቃላችሁ። የሬዲዮ መልእክቱ ከበዓሉ ሳምንት አስቀድሞ ይጀምር፤ እስከ መስከረም 26 ድረስም አይቋረጥ። ለባቲ የሰኞ ገበያም እንደዚሁ፤ ከገበያው ዋዜማ ጀምሮ። ሬዲዮ በማይደርስበት ቅሬውና መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ያንኑ የሬዲዮ መልእክት ያንብቡ።

የጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሳና «አዎ፣ ጥርጣሬ አለ» ለማለት የማንንም ፈቃድ የማይጠብቅ ተረኛ። ስሙና ቁጥሩ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ለየጣቢያው ይሰጥ። ስሙና ቁጥሩ የሚጻፍበት ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ።

አመሰግናለሁ።