ዐሥር ፊደል፣ ሁለት ቀለም

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የፈረንሳይኛ ግሥ ብቻ ነው፤ «ይበሉ ነበር» ለማለት ስለምታገለግለው ስለ «ማንዤ»። ስትጻፍ 10 ፊደላት ትፈልጋለች፦ ኤም፣ አ፣ ኤን፣ ዤ፣ ኧ፣ አ፣ ኢ፣ ኧ፣ ኤን፣ ቴ። ስትነገር ግን 4 ድምፆች ብቻ ይቀሯታል፤ እነርሱም «ማን» እና «ዤ» በሚሉ ሁለት ቀለሞች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በሚነገሩ የድምፅ ክፍሎች ይከፈላሉ። የመጀመሪያውን ቀለም እንደኛው «ን» ምላስን ከላይ አስነክቶ መዝጋት ስሕተት ነው፤ አናባቢው ራሱ በአፍንጫ ይወጣል እንጂ ምላስ አይነሣም።

በማታ ትምህርት ይህችን ቃል መጀመሪያ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ፊደል ቆጥሮ እንዳደገ ሰው፣ የተጻፈውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር አሰማሁት። መምህሬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የመጨረሻዎቹን ሦስት ፊደላት በእጃቸው ጋረዱና «እነዚህ ለዓይን ናቸው» አሉኝ። እውነትም ኧ፣ ኤን፣ ቴ የሚበሉት ብዙዎች መሆናቸውን ለአንባቢ ያመለክታሉ እንጂ፣ «ይበላ ነበር»ም «ይበሉ ነበር»ም ለጆሮ ያው «ኢል ማንዤ» ነው።

ከዤ ቀጥላ የተቀመጠችው ኧ ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። ዤ የተባለው ፊደል በአ ፊት ሲቆም «ግ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ እርሷ በመካከል ባትገባ ኖሮ ቃሉ «ማንጌ» ይሆን ነበር፤ «እንበላ ነበር» ሲባል ግን ከዤ ቀጥሎ የሚመጣው ኢ በመሆኑ ጠባቂዋ አታስፈልግም፤ «ኑ ማንዥዮን» ያለ እርሷ ይጻፋል። በቅጥያው ውስጥ ያሉት አ እና ኢም ቢሆኑ ቀድሞ ኦ እና ኢ ነበሩ። የፈረንሳዩ ደራሲ ቮልቴር አጻጻፉ እንዲለወጥ የተሟገተው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ የፈረንሳይ አካዳሚ በመዝገበ ቃላቱ የተቀበለው ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ነው። ፊደል ከአንደበት ጀርባ ምን ያህል እንደሚያዘግም እዩልኝ!

ከሁሉ የሚደንቀኝ የመጨረሻዋ ቴ ናት። «አብረው ይበሉ ነበር» የሚለው በጥንቃቄ ሲነበብ ከተኛችበት ትነቃና፣ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ተሻግራ የሚቀጥለው ቃል፣ «አብረው» የሚለው የ«አንሳምብል» መነሻ ትሆናለች፦ ማን፣ ዤ፣ ታን፣ ሳምብል።

በዚያ ምሽት «የእኛ ፊደል እንዲህ አያታልልም» ብዬ ተመጻደቅሁ። መምህሬም ጠመኔያቸውን አንሥተው «በጎቹ ይበሉ ነበር» ብለው ጻፉና፣ «በል ንገረኝ፤ በጎቹ ሣሩ ላይ ናቸው ወይስ ድስቱ ውስጥ?» አሉኝ። «በ»ንና «ሉ»ን አንዴ አጥብቄ፣ አንዴ አላልቼ አነበብኩላቸው፤ ሰሌዳው ላይ ግን ያው አንድ ጽሑፍ ነበር።