የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ማሪሊን ሞንሮና የእንቅልፍ ኪኒን

የእንቅልፍ ኪኒን አብዝታ ወስዳ ራሷን ሳታጠፋ አልቀረችም ስለተባለችው አሜሪካዊት የፊልም ተዋናይ፣ ስለ ማሪሊን ሞንሮ አሟሟት ካወራን ወዲህ ስልኩ እረፍት የለውም። የፎረንሲክ ሐኪሙ እንግዳችን እንዲህ መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ያ አቃቤ ሕግ ምን አይቶ ነው ራሷን አላጠፋችም ያለው?

መልስ፦ ጆን ማይነር የሎስ አንጀለስ ምክትል አቃቤ ሕግ ነበር፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 1962 አስከሬኗ ሲመረመር እዛው ቆሞ ያየ ሰው ነው። መርማሪው ዶክተር ቶማስ ኖጉቺ የጨጓራና የአንጀት ናሙና ላብራቶሪ ልኮ ነበር፣ እነሱ ግን ደምና ጉበት ብቻ አይተው በቃን አሉ፣ ቀሪውን መርምሩልኝ ሲላቸው ተጥሏል። እዚህ ድረስ የማይነር ጥርጣሬ ልክ ነው፣ ናሙና አይጣልም! ኋላ ግን የሥነ አእምሮ ሐኪሟ የሷ ድምፅ ያለበት ቴፕ አሰምቶኝ በማስታወሻ ይዣለሁ ብሎ በፈረንጆቹ 2005 ላይ ጋዜጣ ላይ አወጣው፣ ቴፑ እስከዛሬ የለም። ቴፕ የሌለው ማስታወሻ ለኔ ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ ጉዳዩ ተመልሶ አልታየም?

መልስ፦ ታይቷል፣ በፈረንጆቹ 1982 ላይ የሎስ አንጀለስ አቃቤ ሕግ የነበረው ጆን ቫን ደ ካምፕ አስመርምሮ የግድያ ማስረጃ የለም አለ።

ጥያቄ፦ ጨጓራዋ ውስጥ ኪኒን ካልተገኘ በመርፌ ነዋ?

መልስ፦ ኖጉቺ ገላዋን በማጉያ መነፅር ፈትሾ የመርፌ ምልክት አላገኘም። ጉበቷ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከደሟ ይበልጥ ነበር፣ ይሄ ሰውነት መድኃኒቱን ሲያጣራ ቆይቷል ማለት ነው፣ በአንዴ በመርፌ የገባ አይመስልም።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት ኬኔዲና ወንድሙ እጃቸው አለበት የሚባለውስ?

መልስ፦ ማስረጃ ይዘህ ደውል። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ እኔ ቅሜ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጨብሲ ላይ ጓደኛዬ የሚሰጠኝን ቫልየም ጣል አደርጋለሁ። እሷ ብዙ ስለወሰደች እንጂ ትንሽ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው የኔ ልጅ፣ አለው። ደሟ ውስጥ እኮ የተገኘው አንድ መድኃኒት አይደለም፣ ኔምቡታልና ክሎራል ሃይድሬት ናቸው፣ ሁለቱም የሚያስተኙ። መጠጥም የሚያስተኛ ነው፣ ቫልየምም፣ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም፣ ሲደራረቡ አንጎል መተንፈስን ይረሳል። ጫቱ ደግሞ ስካሩን ስለሚደብቅብህ አልሰከርኩም ብለህ ትጨምራለህ፣ ምርቃናው ሲወርድ የጠጣኸውና የዋጥከው ብቻቸውን ይቀሩልሃል። አንዳንዱ ደግሞ ደንዝዞ መዋጡን ረስቶ ይደግማል፣ ጠዋት እናቱ ናት የምታገኘው፣ እኛ ጋ የሚመጡትን አይቼ ነው የምለው። አጠገባችሁ እንዲህ የጠጣ ሰው እንግዳ ማንኮራፋት ካንኮራፋና ቀስቅሳችሁት ካልነቃ ደክሞት ነው ብላችሁ አትተዉት፣ በጎኑ አስተኙትና ቶሎ ሆስፒታል! የሰው መድኃኒት አትዋጡ፣ ስንቴ ልበል? ቫልየሙን በየቀኑ ስትወስድ ከቆየህ ደግሞ ዛሬውኑ አታቁመው፣ በድንገት ማቆም ያንዘፈዝፋል፣ ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስልህ። መኖር እስከማስጠላት ካደረሰህም ለብቻህ አትያዘው፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ አባታችን በድንገት አረፉ፣ አንዳንዶቻችን እንጠረጥራለን፣ ቀብሩ ነገ ነው።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከቀብር በፊት ዛሬውኑ ለፖሊስ አመልክቱ፣ ምርመራው በነሱ በኩል ነው የሚታዘዘው። ይወስዱት የነበረውን ኪኒን ከነብልቃጡ አስቀምጡ፣ ቤት አታጽዱ፣ የሰው መድኃኒት ከሆነም ንገሩ። የቀረውን በሬዲዮ አልመልስም፣ ጠበቃ አማክሩ።